ጡንቻ ያወጣል የተባለው ኪኒን ጡንቻ ሲበላ

ባለፈው ክረምት ሆሳዕና ውስጥ አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ስሠራ፣ ሦስት ወጣቶች ጓደኛቸውን በባጃጅ ጭነው ወደ ድንገተኛ ክፍል አስገቡት። ማንነቱ እንዳይለይ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬ ነው የምጽፈው። ዕድሜው ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰው ቆይቷል፤ ካልደገፉት በስተቀር በእግሩ መቆም አልቻለም። የደም ግፊቱ በጣም ወርዷል፣ የደም ስኳሩም ዝቅ ብሏል። «ዶክተር፣ ወባ ሳትሆን አትቀርም» አለኝ አንደኛው ጓደኛው። «እሱ እኮ ታሞ አያውቅም፤ ከሁላችንም ጠንካራው እሱ ነው፤ ጂም ነው የሚውለው።»

በምርመራው ወባ አልተገኘበትም። ልጁን ሳየው ግን አንድ ነገር አልጣመኝም። ፊቱ ሞልቶ ክብ ሆኗል፤ ሆዱ ገፍቷል፤ ጭኖቹ ግን የጂም ልጅ ጭኖች አይመስሉም፤ ቀጫጭን ናቸው። ሸሚዙን ስንገልጠው በሆዱ ጎንና በብብቱ ዙሪያ ሐምራዊ ሸንተረሮች ተጋድመዋል። «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ምንም።» «የምትውጠው ኪኒን የለም?» ስለው ዝም አለና «ቪታሚን ብቻ» አለኝ። ጓደኛው ከጃኬቱ ኪስ በወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ዓይነት ኪኒኖች አወጣ። አንደኛው ከማሸጊያው ላይ ተቆርጦ የቀረ ጥግ ነበረው፤ የሚነበበው ግማሽ ስም ለእኔ በቂ ነበር። ዴክሳሜታሶን ነው።

ይህን ኪኒን ሰባት ወር ያህል በየቀኑ ሲውጥ ቆይቶ፣ ገንዘብ ሲያጥረው ከአምስት ቀን በፊት በአንድ ጊዜ አቁሞታል። ወደ ድንገተኛ ክፍል ያመጣውም ኪኒኑን መዋጡ ብቻ ሳይሆን በድንገት ማቆሙ ነበር። በደም ሥሩ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ፈሳሽና ግሉኮስ ሰጠነው። ሊነጋጋ ሲል ተነሥቶ ተቀመጠና ሻይ ጠየቀ። ሐኪም ሆኜ ካየኋቸው ፈጣን ለውጦች አንዱ ነው፤ ለግማሽ ቀን ያህል ዘግይተው ቢመጡ ኖሮ ግን ይህንን ጽሑፍ በሌላ አኳኋን በጻፍኩት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሆሳዕና ብቻ ሳይሆን በዱራሜ፣ በሾኔና በሺንሺቾም የጂም ቤት ማስታወቂያ ማየት የተለመደ ሆኗል። ይህ በራሱ መልካም ነገር ነው። ጫት ቤት ከሚውል ወጣት ብረት የሚያነሳ ወጣት ይሻለኛል። በአብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም አካባቢ ማለዳ ላይ የሚሮጡትን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ስፖርቱ አይደለም፤ ከስፖርቱ ጎን የሚሸጠው ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ ያ ሁሉ የሚሸጥ ነገር አንድ ስም ብቻ ያለው መሆኑ ነው። ሁሉም «ቪታሚን» ነው። በቆርቆሮና በፕላስቲክ ዕቃ የሚመጣው ዱቄት ቪታሚን ነው፤ ከጂም በፊት የሚጠጣው ልብ የሚያስመታ ቅመም ቪታሚን ነው፤ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሰጠው ኪኒንም ቪታሚን ነው። ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያው ምግብ ነው። ሁለተኛው ምን እንደሆነ በውል የማይታወቅ ቅይጥ ነው። ሦስተኛው ሰውነትን የሚያዛባ ብርቱ መድኃኒት ነው። የጉዳታቸው መጠን የሰማይና የምድር ያህል እየተራራቀ አንድ ስም መሸከማቸው ብዙ ወጣት እያሳሳተ ነው።

ከሦስተኛው እንጀምር፤ በእኛ አካባቢ ጉዳት ሲያደርስ በዓይኔ ያየሁት እሱን ነውና። ዴክሳሜታሶን ክፉ መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩ ሕሙማን መካከል የሚሞቱትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ የተረጋገጠው ይኸው መድኃኒት ነው። ለከባድ አለርጂ፣ ለአንጎል እብጠት፣ ያለ ጊዜው ሊወለድ ለደረሰ ሕፃን ሳንባ እንሰጠዋለን። ኩላሊታችን ራስጌ ላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ እጢዎች የሚያመርቱት ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን አለ፤ ዴክሳሜታሶን የእሱ ወኪል ነው፤ ነገር ግን እጅግ ብርቱ ወኪል ነው። 0.75 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን የ20 ሚሊ ግራም ሃይድሮኮርቲሶንን ሥራ ይሠራል። ኪኒኑ ትንሽ ስለሆነ ጉልበቱም ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም።

ታዲያ ለምን ያወፍራል? የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ ያስቀራል፣ ስብን ከእጅና ከእግር ወስዶ ፊት፣ ማጅራትና ሆድ ላይ ያከማቻል። ሚዛን ላይ የወጣው ልጅ በሁለት ወር ስድስት ኪሎ ጨመርኩ ብሎ ይደሰታል። መስታወት ፊት ሲቆም ፊቱ ሞልቷል። የማያየው ግን ጡንቻው ውስጥ የሚሆነውን ነው። ኮርቲሶል ሲበዛ ሰውነት የጡንቻን ፕሮቲን እያፈረሰ ስኳር ይሠራበታል። በተለይ የጭን፣ የዳሌና የትከሻ ጡንቻዎች ይሟሽሻሉ። ጡንቻ ለማውጣት የተዋጠው ኪኒን የሚበላው ራሱን ጡንቻውን ነው።

ያ ወጣት ካገገመ በኋላ በተመላላሽ ክፍል አግኝቼው ቁጢጥ ብሎ እጁን ሳይደገፍ እንዲነሣ ጠየቅሁት። ሁለቴ ሞከረ፤ በሦስተኛው የጠረጴዛዬን ጠርዝ ያዘ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ የነገረኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ከአራተኛው ወር ጀምሮ ቀድሞ የሚያነሳው ክብደት ይከብደው ጀምሮ ነበር። ለአሠልጣኙ ሲነግረው «መጠኑን ጨምር» አለው። ጨመረ። ይበልጥ ደከመ። እንደገና ጨመረ።

ጉዳቱ በጡንቻ አያበቃም። የደም ስኳርና የደም ግፊት ይጨምራል፤ አጥንት ይሳሳል፤ ጨጓራ ይቆስላል፣ በተለይ ከሕመም ማስታገሻ ጋር ሲወሰድ። በሽታ የመከላከል አቅም ስለሚዳከም፣ ብዙ ሰው ውስጥ ተኝቶ የሚኖረው የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ሊነቃ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን እጢዎቹ ሥራ መተዋቸው ነው። ሰውነት ከውጭ በየቀኑ ብርቱ ወኪል ሲገባለት የራሱን ኮርቲሶል ማምረት ያቆማል። ኪኒኑ በድንገት ሲቋረጥ እጢዎቹ ወዲያው አይነሡም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል። በዚያ መካከል ተቅማጥ ወይም ወባ ቢይዘው፣ አደጋ ቢደርስበት፣ ሰውነቱ ግፊቱን የሚያቆምበት ሆርሞን የለውም። በዚያች ሌሊት የሆነው ይህ ነው።

ሁለተኛው ኪኒን ሳይፕሮሄፕታዲን የሚባለው ነው። የአለርጂ መድኃኒት ሲሆን የምግብ ፍላጎት ስለሚከፍት ማወፈሪያ ተብሎ ይሸጣል። ከዴክሳሜታሶን ጋር ሲነጻጸር አደጋው ቀላል ቢሆንም ያስተኛል። የባጃጅና የሞተር አሽከርካሪ የሆናችሁ ይህን ልብ በሉ። ጡንቻ ግን አይሠራም፤ የሚያደርገው ማስበላት ብቻ ነው። ሁለቱን ኪኒኖች አንድ ላይ የሚወስዱት ወንዶች ብቻ እንዳልሆኑም መናገር አለብኝ። ሰርግ የደረሰላቸው፣ «ከሳሽ» እየተባሉ የተሰላቹ ወጣት ሴቶች ለሌላ ሕመም መጥተው ሲመረመሩ ያው ክብ ፊትና ያው ሸንተረር የሚገኝባቸው አሉ። ከጂም ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም፤ የኪኒኑ ምንጭ ግን አንድ ነው።

የቴስቶስትሮንና የመሰሎቹ መርፌ በእኛ ከተሞች እስካሁን ያጋጠመኝ ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ የሚሠሩ ባልደረቦቼ ግን ከእኔ የበለጠ ያያሉ፤ አዲስ አበባ የታየ ነገር ሆሳዕና ለመድረስ ብዙ አይቆይም። ይህኛው በእርግጥ ጡንቻ ይጨምራል፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ምክራችን የማይሰማው አንዳንዴ አይሠራም እያልን ስለምንዋሽ ነው። ይሠራል፤ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ይህ ነው፤ ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ አንጎል ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል። የዘር ፍሬው ይሟሽሻል፣ የወንድ ዘር ምርት ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይቆማል። ካቆመ በኋላ ብዙዎች ይመለስላቸዋል፤ ወራት ግን ይፈጃል፤ ከዓመት በላይ የሚጠብቁም አሉ። አግብቶ ልጅ ዘገየብኝ ብሎ ሚስቱን ብቻ ይዞ ለምርመራ የሚመጣ ባል፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተወጋውን መርፌ ሳይጠየቅ አይናገርም። ከዚህ ሌላ ደም ይወፍራል፣ ጥሩው የደም ቅባት ይወርዳል፣ የልብ ጡንቻ ይደድራል። ቁመቱን ያልጨረሰ ታዳጊ ከወሰደው አጥንቱ ያለ ጊዜው ይዘጋና ቁመቱ እዚያው ይቀራል። መርፌ የሚጋሩ ካሉ ደግሞ ሄፓታይተስ ቢና ኤች አይ ቪ አሉ፤ ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብርቅ በሽታ አይደለም።

አሁን ወደ ዱቄቱ እንምጣ። ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜና ከአንጋጫ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዱን የማያውቅ የለም። ከዚያ የሚመጣ ሰው ከሚያመጣው ስጦታ መካከል አሁን አሁን ትልቅ የፕሮቲን ዱቄት ዕቃ እየተጨመረ ነው። ወንድሙ የላከለት ልጅ ዕቃውን ቆጣቢ ሆኖ በማንኪያ እየለካ ይጠጣል፤ ጓደኞቹ ይቀኑበታል። አንድ ልጅ ዕቃውን ከነክዳኑ ይዞልኝ መጥቶ «ዶክተር፣ ይህ ኩላሊት ይገድላል ይባላል፤ ልጣለው?» አለኝ። መለያውን አብረን አነበብነው። ከወተት አጓት የተሠራ ፕሮቲን ነው። አጓት እናቶቻችን አይብ ሲያወጡ የሚቀረው ውኃ ነው፤ ፋብሪካው የዚያን ዓይነቱን አጓት አጥልሎና አድርቆ፣ ቫኒላና ጣፋጭ ጨምሮ ያሽገዋል። ጤነኛ ኩላሊት ያለውን ሰው ይህ ፕሮቲን እንደሚጎዳው የታየ ነገር የለም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን መጠንቀቅ አለበት፤ ስለዚህ ግፊቱን ለካን፣ ሽንቱን መረመርን፣ ደህና ነበር። «አትጣለው፤ ሲያልቅ ግን ሌላ ለመግዛት አትበደር» አልኩት።

ምክንያቱን ላስረዳ። አንድ ማንኪያ ዱቄት ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ይህ 100 ግራም ደረቅ ባቄላ ወይም ምስር ውስጥ ያለው ያህል፣ ወይም የአራት እንቁላል ያህል ነው። ከሌሞና ከሚሻ ደጋ የሚመጣው ባቄላ ባሕር አቋርጦ ከሚመጣው ዱቄት የሚያንስበት ነገር ቢኖር ማሸጊያ ነው። «ማስ ጌይነር» የሚባለው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። መለያውን ለሚያነብ አብዛኛው ይዘቱ ከስታርች የተሠራ ስኳር መሆኑ ይታያል። በሶ በወተት በጥብጦ የሚጠጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር እየጠጣ ነው። ይህን ስል የሚስቁብኝ ወጣቶች አሉ፤ በሶ ማሸጊያው ላይ ደረቱ የተነፋ ሰው ፎቶግራፍ የለበትማ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ስለ ባሕላዊ ምግባችን ሲነሣ ብዙ ሰው በስሜት ስለሚናገር ነው። ቆጮና ቡላ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ድርቅን የሚቋቋም እንሰት ሕዝባችንን ከረሃብ አድኗል። ፕሮቲን ግን በጣም ትንሽ ነው ያላቸው። የቆጮ ጉልበት ስታርች ነው። ለመስቀል የሚሠራው አተካና ወተትና ቅቤ ስላለበት፣ ክትፎውም ሥጋ ስለሆነ የበዓሉ ማዕድ ሙሉ ነው፤ ከበዓል ውጪ ግን በብዙ ቤት ጎመንና ቆጮ ብቻ የሚበላበት ቀን ይበዛል። ብረት እያነሳ እንዲህ የሚበላ ልጅ ጡንቻው የማይጨምርለት ቪታሚን ስላጣ ሳይሆን ባቄላ ስላጣ ነው። ከቆጮው ጎን አንድ ሳህን የአተር ወጥ፣ ንፍሮ ወይም አይብ ቢጨመር የጎደለው ይሞላል።

ስንት ያስፈልጋል? ስፖርት የማይሠራ ጤነኛ አዋቂ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 0.8 ግራም ይበቃዋል። ብረት የሚያነሳ ሰው ከዚህ በላይ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 49 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.6 ግራም ገደማ በላይ ሲጨመር ጡንቻ ላይ የሚታይ ተጨማሪ ለውጥ የለም። ለ70 ኪሎ ወጣት ይህ 112 ግራም ነው። ሦስት እንቁላል 18 ግራም፣ ግማሽ ሊትር ወተት 16 ግራም፣ በሽሮ፣ በምስርና በባቄላ መልክ 150 ግራም ጥራጥሬ 35 ግራም ያህል፣ ሁለት እፍኝ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ከ10 እስከ 15 ግራም ይሰጣሉ። የቀረውን እንጀራው፣ ዳቦውና አልፎ አልፎ የሚገኘው ሥጋ ይሞላዋል። እንቁላልና ወተት የማይገኝበት ቤት፣ ወይም የጾም ወቅት ከሆነ፣ ጥራጥሬውን ከእህል ጋር አብዝቶ መብላት ነው፤ ሽሮ በእንጀራ የሚበላው ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ አንዱ የጎደለውን የፕሮቲን ዓይነት ሌላው ይሞላለታል።

እንዲህ በልቶም ትዕግሥት ያስፈልጋል። ጂም በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው የጉልበት መጨመር አብዛኛው ከነርቭ ነው፤ አንጎል ያለውን ጡንቻ አሰባስቦ ማዘዝ ይማራል። ጡንቻው በዓይን እንዲታይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወር ያህልና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ወጣቶቻችን «አልሠራልኝም» ብለው ኪኒን ፍለጋ የሚወጡት ልክ በዚህ መካከል ነው። ሌሊቱን በስልክ አንግቶ ጠዋት ብረት የሚያነሳም የሠራው ግማሹ ይባክናል፤ ጡንቻ የሚጠገነው በዕረፍትና በእንቅልፍ ነው። ከመጠን በላይ ሠርቶ በማግሥቱ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረበት፣ ጡንቻው ያበጠና መንቀሳቀስ ያቃተው ሰው ግን በዕረፍት ያልፋል ብሎ ቤት አይቀመጥ። የተሰባበረ ጡንቻ ኩላሊትን ሊዘጋ ይችላል፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ከሚሸጡት ማሟያዎች መካከል ሐኪም ሆኜ ክፉ የማልናገርለት ክሬቲን ነው። ሰውነት ራሱ የሚሠራው፣ ሥጋ ውስጥም ያለ ነገር ነው። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም የሚወስድ ጤነኛ አዋቂ ለአጭርና ብርቱ እንቅስቃሴ ጥቂት ተጨማሪ ጉልበት ያገኛል፤ ብዙ የተጠና ስለሆነ ይህን በድፍረት መናገር ይቻላል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ። የኩላሊት ምርመራ ስታደርጉ ክሬቲን እንደምትወስዱ ተናገሩ። የምርመራ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ኩላሊቱ ያልታመመ ሰው «ኩላሊትህ ደክሟል» ተብሎ በከንቱ ሲደነግጥ አይቻለሁ።

በእነዚህ መካከል ያለው፣ «ከጂም በፊት» ተብሎ የሚሸጠው ቅመም ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ብዙ ካፌይን ነው። ችግሩ ካፌይኑ ብቻ አይደለም፤ መለያው ላይ የማይጻፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ማራቶንን ስትሮጥ ለመጨረስ ጥቂት ሲቀራት ወድቃ የሞተችው የ30 ዓመቷ ክሌር ስኳየርስ ዲኤምኤኤ የሚባል አነቃቂ ያለበትን የዚህ ዓይነት ዱቄት ውኃዋ ውስጥ ጨምራ ነበር፤ የሞቷን ምክንያት የመረመረው ባለሥልጣንም ንጥረ ነገሩ አስተዋጽኦ ሳያደርግ እንዳልቀረ ደምድሟል። በጀርመን ኮሎኝ የሚገኝ የፀረ ዶፒንግ ላቦራቶሪ ደግሞ በ13 አገሮች ከገበያ የተገዙ 634 ማሟያዎችን መርምሮ፣ በ94ቱ ውስጥ መለያቸው ላይ ያልተጻፈ የስቴሮይድ ሆርሞን አግኝቷል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። ወደ መቶ ብንመልሰው 15 ገደማ ነው። እነዚህ የተገዙት ጠንካራ ቁጥጥር አላቸው ከሚባሉ አገሮች ጭምር ነው። በሻንጣ ተይዞ መጥቶ፣ ተከፍቶ በማንኪያ ተለክቶ በላስቲክ የሚሸጠውን ምን ልንለው ነው?

የሀዲያ ሆሳዕናን ማሊያ ለብሰው መጫወት የሚያልሙ ልጆች ደግሞ ይህን ይስሙ። ዴክሳሜታሶን በአፍ ወይም በመርፌ ተወስዶ በውድድር ጊዜ ከተገኘ፣ ቴስቶስትሮን ደግሞ በማናቸውም ጊዜ ከተገኘ፣ የተከለከለ ነው። የዓለም ፀረ ዶፒንግ ሕግ ሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂ የሚያደርገው ስፖርተኛውን ራሱን ነው። «አሠልጣኜ ቪታሚን ነው ብሎኝ ነው» ማለት ከቅጣት አያድንም።

ተጠያቂው ማን ነው? ወጣቱን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 አለ፤ በሐኪም ማዘዣ ብቻ መሰጠት ያለበት መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ሕጉ ይከለክላል። ዴክሳሜታሶን ከእነዚህ አንዱ ነው። ይሁንና ያ ወጣት ሰባት ወር ሙሉ ሲገዛ አንድም ጊዜ ማዘዣ አልተጠየቀም። በእኔ እምነት፣ በመድኃኒት ባለሙያነት የሠለጠነ ሰው ዴክሳሜታሶንን ለሃያ ዓመት ጤነኛ ልጅ በወረቀት ጠቅልሎ ሲሰጥ ምን እየሰጠ እንደሆነ ያውቃል። ወረቀት የመረጠውም ስለሚያውቅ ነው፤ ማሸጊያው ቢሰጥ ልጁ ስሙን ያነባል። የችርቻሮ መድኃኒት ቤቶችን የሚቆጣጠሩ የክልልና የከተማ የጤና ተቆጣጣሪዎች ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ፍለጋ መደርደሪያ እንደሚፈትሹ ሁሉ፣ የዴክሳሜታሶን ግዥና ማዘዣውን ቢያመሳክሩ ጉዱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይወጣል። አንድ ከተማ ውስጥ የተሸጠው ኪኒንና የታዘዘው ኪኒን ቁጥር መቀራረብ አለበት። ያለ ማዘዣ ሲሸጥ ያያችሁ ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ የስልክ መስመር 8482 መደወል ትችላላችሁ።

ጂም ቤት የከፈታችሁ ወንድሞችም ሥራችሁ የተከበረ ነው። ግን አሠልጣኝ ሻጭ ሲሆን ምክሩ ምክር መሆኑ ያበቃል። ኪኒን የሚሸጥ ወይም መጠን የሚያዝ አሠልጣኝ ያለ ፈቃድ የሐኪም ሥራ እየሠራ ነው፤ የንግድ ፈቃድ የሚያድሱ ጽሕፈት ቤቶች ይህን መጠየቅ አለባቸው።

እኛ ሐኪሞችም ጥፋት አለብን። «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብለን ጠይቀን «ምንም» ሲለን እንጽፋለን። በእሱ አእምሮ ቪታሚን መድኃኒት ስላልሆነ አልዋሸንም። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ጥያቄዬን ቀይሬዋለሁ፤ «ምን ትውጣለህ? ምን ትጠጣለህ? ምን ትወጋለህ?» እላለሁ። ሦስቱንም ስጠይቅ የማገኘው መልስ ከቀድሞው በጣም የተለየ ነው። ያለ ወቀሳ ሲጠየቁ ይናገራሉ።

ወላጆችም ሳትቆጡ አስተውሉ። የልጃችሁ ፊት በአጭር ጊዜ ከሞላ፣ ብጉር ካፈላ፣ ሆዱ ላይ ሐምራዊ ሸንተረር ካወጣ፣ ደረጃ ሲወጣ ወይም ከበርጩማ ሲነሣ እጁን መደገፍ ከጀመረ፣ «ጂም ስለሚሠራ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

በመጨረሻም ይህን እያነበባችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ወይም ትራሳችሁ ሥር ያ ነጭ ኪኒን ላለ ወጣቶች ነው የምናገረው። ዛሬ ደንግጣችሁ አትጣሉት። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ በየቀኑ የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ማቆም የለበትም። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱና እውነቱን ተናገሩ፤ ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ በሳምንታት ወይም በወራት ያስወጣችኋል። ያ ወጣት እንዲህ ለመውጣት አምስት ወር ፈጅቶበታል፤ አሁን ከወንበር ያለ እጅ ይነሣል፣ ብረትም እንደገና ከትንሹ ጀምሯል። በዚህ መካከል ማስመለስ፣ ማዞር፣ ከባድ ድካም ወይም ራስን መሳት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ስትደርሱም ከሁሉ አስቀድማችሁ «ዴክሳ እወስድ ነበር» በሉ። ስትመጡ የኪኒኑን ማሸጊያ፣ ማሸጊያ ከሌለውም የተጠቀለለበትን ወረቀት ከነኪኒኑ ይዛችሁ ኑ።